ከመኪናው ጎን የሚቀመጥ ሰው

መስከረም 9

ለተከበሩ አጎቴ፣

ይህ ወረቀት ሲደርስዎ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኝዎ እመኛለሁ። አክስቴስ እንዴት ናቸው? እኔ ደህና ነኝ። አሁንም እዚያው የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ፤ አንሶላ ከማጠፍ ወጥቼ ማሽኖቹን የምቆጣጠረው እኔ ሆኛለሁ። ልብስ ለብሼ ሳይሆን ልብስ አጥቤ አረጀሁ ማለት ነው።

ስልክ እንደማይወዱ ስለማውቅ በወረቀት መጣሁ። ባለፈው ዓመት ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ የስፖርት መኪና እንደገዛን ጽፌልዎ ነበር፤ እርስዎም «ለሁለት ሰው በቅሎ ይበቃል» ብለው መለሱልኝ። የበቅሎዋ ፍሬን መጮህ ጀምሯል። የፊት ጎማዎቹ የፍሬን ሸራዎች አልቀዋል።

እዚህ ጋራዥ ሞልቷል፤ መክፈልም አያቅተኝም። ግን እኔ ዳዴ ያልኩት የእናንተ ጋራዥ ወለል ላይ ነው። አባቴ ሲሞት ቁልፍ ማቀበል እንጂ መፍታት አላውቅም ነበር። አንድ ጊዜ እንኳ በገዛ እጄ ልፍታና ልግጠም። ሸራውን ገዝቻለሁ፤ አቀያየሩንም ከመጽሐፍ አንብቤ ገብቶኛል። የከበደኝ ማንሳቱ ነው። መኪናዋ ከመሬት የተጣበቀች ናት፤ ክሪኩን ላስገባ ብል አፍንጫው ብቻ ገብቶ ቀረ። በግድ ስገፋው የታችኛው ፕላስቲክ ተንቋቋብኝ። እንዴት አድርጌ ላንሳት?

ለእናንተም የሚያስፈልግ ነገር ካለ አይደብቁኝ፤ ትንሽ ገንዘብ መላክ እችላለሁ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 14

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ባለሽበት ይድረስሽ፤ ክፉ አይንካሽ። እኛ ጤና ነን፤ ጤና የምለው እንደ ዕድሜያችን ነው። ገንዘብ አትላኪ።

ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ «ተዪው» ብዬ ልጽፍ ብዕር አንስቼ ነበር። ታላቅ እህቴ ከኋላዬ ሆና «ተዪው ብትላት የምትተው መሰለህ? የማን ልጅ ሆነችና!» አለች። እውነቷን ነው። አባትሽ፣ የእኛ ትንሹ፣ ተው ሲሉት የሚብስበት ሰው ነበር። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ። አንቺ ግን የጻፍኩትን አድርጊ፤ ከራስሽ አትጨምሪበት። እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። አንዱን መኪና ፈትቼ ስገጥም፣ ሌላውን ፈትቼ መግጠም ሲያቅተኝ ነው የተማርኩት። የማውቀው ትንሽ ነው፤ በዚያች ትንሽ ግን አልደራደርም።

አስቀድመሽ መሬቱን እዪ። ደልዳላና ጠንካራ ካልሆነ መኪናዋን ወደ ሌላ ቦታ ውሰጃት እንጂ መሬቱን አታባብዪው። ጠጠር ላይ አይሆንም። ክሪክ ሲያነሳ በትንንሽ ጎማዎቹ እየተንከባለለ ወደ መኪናው መጠጋት አለበት፤ ጠጠር ከያዘው ግን እሱ ባለበት ይቀርና መኪናው ከላዩ ይንሸራተታል። የእጅ ፍሬን ሳቢ፤ ማርሽ አስገቢ። የማይነሱትን ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርጊላቸው። ድንጋይ አላልኩም፤ ታኮ ነው ያልኩት።

ክሪኩ አልገባም ብለሽ አትግፊው። ዝቅ ያለችው መኪናዋ ናት፤ እሷን ከፍ አድርጊ። ከጎማው የሰፋ ወፍራም ጣውላ ሁለት አዘጋጂ፤ በመውጫው በኩል በሰያፍ ይቆረጥ። ከፊት ጎማዎቹ ሥር አስጠግተሽ ቀስ ብለሽ ንጂባቸው። ጎማዎቹ እላዩ ላይ ሲወጡ ክሪኩ መግቢያ ያገኛል። የጎማውን ቡሎን ገና መሬት ላይ ሳለ ፈታ አድርጊው፤ አንስተሽ ሰቅለሽ ከቡሎን ጋር መታገል የሰነፍ ሥራ ነው።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ። በእኛ ጋራዥ ብቻውን ከመኪና ሥር የገባ ሰው የለም። ግቢውን ከአባትሽ ጋር ስንከራይ የመሥሪያ ጉድጓድ አልነበረውም። አንዳችን ስንገባ ሌላው ከመኪናው ጎን ሣጥን ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አንድ መዳፉን መኪናው ላይ አድርጎ። ተቀማጩ ሁለት ሥራ አለው። መኪናው ፍንክች ቢል መዳፉ ይነግረዋል። ከሥር ካለው ሰው ጋር ደግሞ አፉ ሳይዘጋ ያወራል፤ መልስ ሲጠፋ እግሩን ይዞ ይጎትታል። አባትሽ ሲሞት እህቴ የጨርቅ ሱቋን ዘግታ መጥታ ሣጥኑ ላይ ተቀመጠች። ይኸው እዚያው ናት።

ላንቺ ማን ይቀመጥልሻል? ባልሽ ወሬ ይችላል? ይህን ሳትመልሺልኝ ክሪክ እንዳትነኪ።

አጎትሽ


ኅዳር 25

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ከረሙ? ብርዱ እናንተ ጋ እንዳልበረታ ተስፋ አለኝ። እዚህ ጣት ያደነዝዛል።

የፊት ግቢያችን ደልዳላ ይመስለኝ ነበር። አንድ ባልዲ ውሃ ብደፋበት ወደ መንገዱ ሮጠ። ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ ወዳለው ሲሚንቶ አዛወርኳት። ከታችኛው ቤት የምትኖረው ጎረቤቴ፣ ጡረታ የወጣች የአውቶብስ ትኬት ቆራጭ ናት፤ በመስኮት ብቅ ብላ «አንቺ! አንዲት ጠብታ ዘይት ካፈሰስሽ በምላስሽ ነው የምታጸጂው» አለችኝ። ሰላምታዋ ይኸው ነው።

ጣውላውን የቆረጠልኝ አናጢ «ለአልጋ ነው?» ቢለኝ «አዎ፣ ለመኪና አልጋ» አልኩት። ዋጋ ጨመረብኝ። መኪናዋ ግን ያለ አንዳች ድምፅ ወጣችበት፤ ክሪኩም ምንም ሳይነካ ገባ። ከዚያ ወዲያ ቆምኩ። በትክክል የቱ ጋ ልደግፋት? ከሥሯ ተጋድሜ በባትሪ ባየው ሁሉም ቀጭን ቆርቆሮና ፕላስቲክ ይመስላል። (በአራት ጎማዋ ቆማ ነው ያየሁት፤ አይቆጡ።)

ስለ ተቀማጩ አያስቡ። ቤት ውስጥ ሰው አይጠፋም።

የወንድምዎ ልጅ


ታኅሣሥ 30

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ውሃ መድፋትሽ ደግ ነው፤ ያንን እኔ አላልኩሽም፤ ሆኖም ደግ ነው።

ሰው አጥንት እንዳለው መኪናም አጥንት አለው፤ ሌላው ሥጋ ነው። በጎንና በጎኗ፣ ከፊት ጎማው ወደ ኋላ አለፍ ብሎ፣ ለመደገፊያ የተሠራ ወፍራም ጠርዝ አለ። ቦታው ከመኪናዋ ጋር በመጣው መጽሐፍ ተሥሏል፤ ሥዕሉን ሳታዪ በግምት አትጀምሪ። ፊቷን በአንድ ጊዜ የምታነሺበት ደግሞ ከሞተሩ ሥር ከግራ ወደ ቀኝ የሚያልፍ ወፍራም ብረት ነው። አጠገቡ የዘይት ቋቱ አለ። ለሚቸኩል ሰው ሁለቱ አንድ ናቸው፤ በቋቱ ካነሳሽ ግን ትሰነጥቂዋለሽ፤ ጎረቤትሽም ያለችውን ታስደርግሻለች። ብረት በብረት ላይ አታሳርፊ፤ በመሀል ወፍራም ጎማ ወይም ጠንካራ እንጨት ይግባ።

ትንሽ አንሺ፤ ቁሚ፤ ዞረሽ እዪ፤ እንደገና ትንሽ አንሺ። ከፍታው ሲበቃሽ መኪና የሚሸከሙትን ሁለት የብረት መቆሚያዎች ግራና ቀኝ ከአጥንቷ ሥር አስገቢ፤ ቁመታቸው እኩል ይሁን። ከዚያ ክሪኩን አላልተሽ ሸክሙን ለመቆሚያዎቹ አስረክቢ። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይይዝም። ክሪክ ብቻ በያዘው መኪና ሥር እጅሽን እንኳ እንዳታስገቢ። ካስረከብሽ በኋላ ክሪኩን መልሰሽ ነካ ብቻ አድርጊው፤ ለክፉ ቀን ይቁም። የፈታሽውንም ጎማ ከጎኗ ሥር አጋድሚው።

ከዚያ ተቀማጩ ይነሳና መኪናዋን በኃይል ይወዝውዛት። ልብ በዪ፤ የሚወዘውዘው ተቀማጩ ነው። የሚገባው ሰው ራቅ ብሎ ጎንበስ ይልና የመቆሚያዎቹን እግር ያያል። የሚገባ ሰው ለመግባት ስለሚቸኩል ወዝውዝ ቢሉት ያሻሻታል እንጂ አይወዘውዛትም።

እህቴ ሰላም ብላሻለች። በቀደም የአንድ ጭነት መኪና ዘንግ ስፈታ ከላይ ሆና፦

«አለህ?»

«አለሁ።»

«የመለዋወጫ ሻጩ ሚስት ፀጉሯን ቀይ ተቀባች።»

«ትቀባ።»

«ብታያት እኮ!»

«እኔ እዚህ ሆኜ የማየው ዘይት ነው።»

«እሱስ ቀይ ነው?»

ሳቄ መጥቶ ቡሎኑ ደረቴ ላይ ወደቀ። በማግስቱ ይህንኑ ወሬ እንደ አዲስ አወራችልኝ። ከሰዓት በኋላም እንደገና። እርጅና ነው። አሁን ይህን ስጽፍ «ለልጅቷ ሰላም በልልኝ» እያለች ነው፤ ቅድም ማለቷን ረስታዋለች።

ማን እንደሚቀመጥልሽ አልነገርሽኝም።

አጎትሽ


የካቲት 6

ለተከበሩ አጎቴ፣

ሺህ ጊዜ እጅ ነሥቻለሁ። ተሳካልኝ! የፊት ሁለቱንም ሸራ ቀየርኩ።

ሥዕሉን አየሁ፤ ወፍራሙን ብረት አገኘሁ፤ ቋቱን አልነካሁም። መቆሚያዎቹን ከጠርዙ ሥር አስገብቼ ሸክሙን ሳስረክብ መኪናዋ አንዴ ቃ አለችና ጸጥ አለች፤ የእኔም ልብ አብሯት። ከዚያ በሁለት እጄ ወዘወዝኳት፤ እንደ ግንብ ቆመች። የግራውን ሸራ ሳወጣው እንደ ወረቀት ሳስቷል። ቡሎኑ አስቸግሮኝ ከሥሯ ገብቼ ብዙ ቆየሁ። ባለቤቴ ነው የተቀመጠልኝ፤ ስለ ኳስ ሲያወራ ዋለ። ዛሬ በቁልቁለቱ ወርጄ ፍሬኗን ብረግጥ ድምፅ የለም። መስኮቱን ከፍቼ ጮህኩ፤ አላፊ አግዳሚው እብድ መሰልኩት።

ቀጥሎ የኋላውን ነው። አክስቴን ይሳሙልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


የካቲት 28

ለወንድሜ ልጅ፣

ጤና ይስጥሽ።

«በሁለት እጄ ወዘወዝኳት» ብለሻል። ተቀማጭ ያለው ሰው አይወዘውዝም። ባልሽ ስለ ኳስ አወራ ብለሻል፤ ምን እንዳለ ግን አንዲት ቃል አልጻፍሽም። ከመኪና ሥር ሆነው የሰሙት ወሬ አይረሳም፤ እኔ አባትሽ የነገረኝን ተራ ወሬ ሁሉ እስከ ዛሬ አስታውሳለሁ። ማን እንደተቀመጠልሽ አውቄያለሁ፤ ማንም አልተቀመጠም።

ሰው ፈሪ ይሁን፣ ዝንጉ ይሁን፣ ከሥር ሊገባ ይችላል፤ ዘዴ አለው። ውሸት ይዞ ግን አይገባም። የዋሸ ሰው መቆሚያውን አይቶም ያላየ፣ ወዝውዞም ያልወዘወዘ ነው።

ሰው እስኪቀመጥልሽ ድረስ የኋላውን እንዳትነኪ።

አጎትሽ


ሚያዝያ 20

ለተከበሩ አጎቴ፣

ጤናዎን እየጠየቅሁ ስለ መዘግየቴ ይቅርታ እለምናለሁ። ደብዳቤዎን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ዞር ስልበት ቆየሁ።

ዋሽቻለሁ። ባለቤቴ ሄዷል። መስከረም ላይ ስጽፍልዎ ልብሱን ከወሰደ ቆይቶ ነበር። መኪናዋን ተወልኝ። ስጦታ ይሁን ስድብ እስካሁን አልገባኝም። ለማንም አልተናገርኩም። የእርስዎን ጥያቄ እንደ ቀላል ነገር ላልፈው አስቤ ነበር፤ በየደብዳቤው እየመጣ በሩን ሲያንኳኳብኝ ግን የሌለውን ሰው ሣጥን ላይ አስቀመጥኩ። የዚያን ቀን ከሥሯ ስገባ ያስፈራኝ ክብደቷ አልነበረም፤ ጸጥታው ነው። በመጨረሻ ራሴ «አለሽ?» እያልኩ ራሴ «አለሁ» እያልኩ ነው የጨረስኩት።

አንድ ነገር አስቤያለሁ። ስልኬን አጠገቤ አድርጌ እርስዎ ቢያወሩኝስ? እኔም እርስዎ ሲገቡ ላውራዎት።

ይህን ያሰብኩት ለራሴ ብቻ አይደለም። ጎረቤታችሁ የመለዋወጫ ሻጩ ደውሎልኝ ነበር። አክስቴን አውቶብስ ፌርማታው ላይ ቆመው አገኛቸው። «ወዴት ነው?» ቢላቸው «ሱቄን ልከፍት ነዋ» አሉት። የጨርቅ ሱቃቸውን። እጃቸውን ይዞ ጋራዥ ሲያደርሳቸው ሣጥኑ ባዶ ነበር፤ የእርስዎ እግሮች ደግሞ ከአንድ መኪና ሥር ወጥተው ይታዩ ነበር።

ባለፈው ደብዳቤዎ ስለ አክስቴ አንድም ቃል የለም። አጎቴ፣ ሊቆጡ ይችላሉ። ለእርስዎ ማን ነው የሚቀመጥልዎ?

የወንድምዎ ልጅ


ሰኔ 30

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታዬ ይድረስሽ፤ ብርታት ይስጥሽ። ስለ ባልሽ አዘንኩ። ደግሜ አላነሳብሽም። አፍሬብሽ አይደለም፤ ቁስል ሲነካካ ስለማይድን ነው።

ስልክ አይሆንም። ስልክ መዳፍ የለውም፤ እግር ይዞም አይጎትትም። መኪናው ሲወድቅ ድምፁን ይሰማል፤ ያ ለማንም አይጠቅምም።

የመለዋወጫ ሻጩ አፉንም እንደ ሱቁ ከፍቶ ነው የሚውለው። አዎ፤ አንድ ቀን ተነስታ ሄዳለች። የማታውቂውን ልንገርሽ። ትንሹን፣ አባትሽን፣ ቀብረን በተመለስን ሰሞን ቁልፍ ማንሳት አቅቶኝ ነበር። ደጁ ላይ የቆመ መኪና እያየሁ እውላለሁ፤ ባለቤቱ ይመጣል፣ ይቆጣል፣ ይሄዳል። አንድ ቀን እሷ መጣች። ሣጥኑን ጠርጋ ተቀመጠችና መዳፏን መኪናው ላይ አድርጋ «ግባ፤ እኔ አለሁ» አለችኝ። ገባሁ። እስከ ዛሬ የበላነው እንጀራ ከዚያ ቃል የመጣ ነው።

አሁን «ተነሺ፣ አትችይም» የሚላት ሰው እኔ አይደለሁም። ሌላ ሰው ሣጥኑ ላይ ባስቀምጥ እሷ የት ትቀመጥ? የሰፈሩ ሰው ስም እየጠፋባት ነው፤ ድስት ጥዳ ትረሳለች። ጠዋት ተነስታ ግን ጫማዋን አድርጋ ወደ ሣጥኑ ትሄዳለች፤ ይህን አልረሳችም። ይህንን አልቀማትም። አንቺ ለራስሽ ሰው ፈልጊ። የእኔን ነገር እዚህ ላይ ዘግቼዋለሁ።

አጎትሽ


ነሐሴ 18

ለተከበሩ አጎቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ዘግቼዋለሁ ያሉትን በር ማንኳኳቴ አይቀርም፤ አስቀድሜ ግን የእኔን ልጨርስ።

የታች ቤት ጎረቤቴን በር አንኳኳሁ። ስታየኝ ዓይኗ ወደ እጆቼ ሄደ።

«ዘይት አፈሰስሽ?»

«አላፈሰስኩም። የሚቀመጥልኝ ሰው ፈልጌ ነው።»

«ምን ላይ?»

«ሣጥን ላይ። እኔ ከመኪናው ሥር ስገባ።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«ያውሩ።»

በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። «ዕድሜዬን ሙሉ "ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው" ከሚል ጽሑፍ ሥር ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ኮቴን ላምጣ» አለች።

እንዳሉት መወዝወዙን ለእሷ ተውኩት። አጎቴ፣ እቺ ሴት መኪና አይደለም ቤት ትነቅላለች። እኔ ራቅ ብዬ ጎንበስ ብዬ ሳይ የቀኙ መቆሚያ አንድ እግሩ ከመሬት ብድግ ብሎ ተመለሰ። ከጠርዙ አጥንት ትንሽ ወጣ ብሎ ነበር የገባው። መኪናዋን መልሰን በክሪክ አንስተን አስተካከልነው። ራሴ ብወዘውዛት ኖሮ አይታየኝም ነበር። ያን ጊዜ የካቲት ላይስ እንዴት ነበር የገባው? አላውቅም።

ከዚያ ገባሁ። ሴትዮዋ መዳፏን መኪናዋ ላይ አድርጋ ያለ ትኬት የተሳፈረውን ሁሉ አንድ በአንድ አማችልኝ። «አለሽ?» ስትል «አለሁ» እላለሁ። አንዴ ቶሎ ሳልመልስ ቀርቼ እግሬን ይዛ እስከ ወገቤ አወጣችኝ። የኋላው ፍሬን አለቀ። ከዚያም ሻይ አፍልታ ጠራችኝ፤ ከባለቤቴ መሄድ በኋላ ከሰው ጋር ስቀመጥ የመጀመሪያዬ ነው።

አሁን ወደ በሩ። አጎቴ፣ እኔ ታዘዝኩ። እርስዎም አንድ ነገር ይታዘዙኝ። አክስቴን ያስነሱ አላልኩም። ከጎናቸው ሌላ ሰው ያስቀምጡ። ሁለት ሣጥን ይሁን። የሚወዱትን ሰው ላለማሳዘን ብለው ከሥር የሚገቡ ከሆነ፣ አንድ ቀን መኪናው ቢወርድ «እጄ ምን ሠራ» እያሉ የሚኖሩት አክስቴ ናቸው።

ተቆጥተው ይጻፉልኝ፤ ግን ይጻፉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ


ጥቅምት 11

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ይብዛልሽ። ለሴትዮዋም ከማያውቃት ሽማግሌ ምስጋና አድርሺልኝ። እግር ይዞ የሚጎትት ጎረቤት ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል።

አልተቆጣሁም። ምክርሽ የሚረባ ምክር ነበር። አልሰማሁትም። አሁን የሆነውን እንደሆነው እነግርሻለሁ።

አንድ የታክሲ ነጂ ማርሹ ዘይት እያፈሰሰ መጣ። አነሳሁ፤ በመቆሚያ አስያዝኩ፤ ክሪኩን ነካ አድርጌ ተውኩት። እህቴ ወዘወዘች። ጉልበቷ አነሰ እንጂ አወዛወዟን አልረሳችም። ገባሁ። እሷ ስለ አንድ የድሮ ቤት አከራያችን ታወራለች፤ እኔ «እህ» እላለሁ። ዘይት ዓይኔ ላይ ፈስሶ ስጠርግ ትንሽ ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች።

ከዚያ የክሪኩ እጀታ ሲዞር ሰማሁ። ክሪኩ ተነፈሰና ወረደ። መኪናው አልወረደም፤ መቆሚያዎቹ ይዘውታል። የሆነው ይህ ብቻ ቢሆን ባልፈራሁ። ክሪኩ ወርዶ መኪናው አልወርድ ሲላት ተንበረከከች። እጇ ከጎኔ ገብታ የመቆሚያውን እግር ስትይዝ አየሁ። «ይሄ ነው የያዘው» ብላ ሳበችው። ሸክም ያለበት መቆሚያ ለእሷ አቅም አይሳብም፤ እሷ ግን ሁለተኛም ሳበች፤ ብረቱ ሲሚንቶው ላይ ሲፍቅ ሰማሁት። መውጣት አልቻልኩም፤ መውጫዬ በእሷ በኩል ነው። እጇን ያዝኳት።

ደነገጠች። «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«እዚያ ምን ትሠራለህ? ጨርሰህ ወጥተሃል እኮ።»

«ማን እንዲህ አለሽ?»

«ትንሹ ነዋ! "ጨርሰናል፣ አውርጂው" አለኝ። አሁን ወደ ውሃው ሄደ፤ እጁን ሊታጠብ።»

እጇን እንደያዝኩ ቆየሁ። እሷም አልነጠቀችኝም። ዘይቱ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል። በኋላ «እንግዲያው ቆይ፣ እሱም ይምጣ፤ አብረን እናወርደዋለን» አልኳት። «እሺ» ብላ ተመልሳ ሣጥኗ ላይ ተቀመጠች። ወጣሁ። ሲሚንቶው ላይ ተቀመጥኩ። «ምን ሆንክ? ፊትህ ነጥቷል» አለችኝ። የሆነው ሁሉ ከእሷ ሄዷል።

ከዚያ ወዲህ አልገባሁም። አንቺ እንዳልሽው ሁለተኛ ሣጥን ለማስቀመጥ አስቤ ነበር። ግን ሁለተኛው ሰው መዳፉን የሚያደርገው መኪናው ላይ አይሆንም፤ የእሷ እጅ ላይ ነው። ጠባቂ ተቀምጦባት መዋሏን ደግሞ ታውቀዋለች፤ እሷ ስም ትረሳለች እንጂ ፊት ታነባለች። ስለዚህ ክሪኩንም መቆሚያዎቹንም ለመለዋወጫ ሻጩ ሰጠሁ። አሁን የምቀበለው ከላይ የሚሠራውን ብቻ ነው፤ ካንዴላ፣ ካርቡሬተር፣ የሞተር ቀበቶ። ኮፈን ከፍቼ በእግሬ ቆሜ እሠራለሁ። ብዙ ደንበኛ ሄደ። የቀረው ይበቃናል፤ አሁንም ገንዘብ አትላኪ። እሷ ጠዋት ጫማዋን አድርጋ ትመጣለች፤ ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ መዳፏን የመኪናው የፊት መከላከያ ላይ አድርጋ ታወራለች፤ እኔም እመልሳለሁ።

በሦስተኛው ቀን ግን ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየችኝ።

«ለምን አትገባም?»

«ጉልበቴን አሞኛል» አልኳት።

«ያሳዝናል። ሲሻልህ ትገባለህ፤ እኔ አለሁ።»

ጉልበቴን አላመመኝም። አንቺን ስለ ውሸት እንዴት እንደተናገርኩሽ አልረሳሁም፤ የተናገርኩትንም አልሽርም። ነገር ግን አንድ ነገር እለምንሻለሁ፤ ከዚህ በፊት ምንም ለምኜሽ አላውቅም። ሰሞኑን ደብዳቤሽ ሲመጣ «አንብብልኝ» ማለት ጀምራለች፤ እኔም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ። በሚመጣው ደብዳቤሽ ላይ ጉልበቴ እንዴት እንደሆነ ጠይቂኝ።

አጎትሽ